በአዳይቱ ያልተሠራው መሻገሪያ

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከአዳይቱ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ዝናብ ካየ ሰባተኛ ወሩን ይዞ ነበር፤ የአዋሽ ወንዝም ከዳርቻው ሸሽቶ በጠባቡ ይፈስ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ኩባንያ ለውጭ ገበያ የሚላክ ጥጥ ሊዘራ ሰፍሯል፤ በሰፈሩም በር ሁለት በርሜል ውሃ ቆሟል፤ አንደኛው በዳስ ጥላ ሥር፣ በረዶ ተጨምሮበት፣ ለባሕር ማዶ ሰዎች፤ ሁለተኛው በፀሐይ ላይ፣ ለአገሬው ሰው። ይህን የደነገገ ጽሑፍ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በርሜሉን የሚሳሳት ሰውም አልነበረም።

ከአገሬው ሰው ለኩባንያው አስተርጓሚ ለናስር ይማም ብቻ በስብሰባ ቀን ከጥላው በርሜል አንድ ኩባያ ይቀዳለት ነበር። አባቱ ከባቲ ወርደው በአዋሽ ከተማ ሆቴል የከፈቱ ወሎዬ ነበሩ፤ እሱም አፋርኛን የተማረው ወተት ይዘው ከሚመጡ ሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር ሲያድግ ነው። ስለዚያ ኩባያ በኩራት ሲያወራ ሚስቱ ዘይቱና ትስቅበታለች፤ «ውሃው እንደሆነ ያው የአዋሽ ነው፤ ምን ያንጠባርርሃል?» እያለች።

የአካባቢው የአፋር ሽማግሌዎች መሬቱን ለኩባንያው ለመልቀቅ በሚፈርሙበት ስብሰባ ጧት የመንግሥት ተጠሪ ሆነው የመጡት አቶ ቻላቸው ናስርን ወደ ድንኳናቸው አስጠሩት። ጠረጴዛው ላይ የዋናው ቦይ ንድፍ ተዘርግቷል፤ ከብቱና ግመሉ ወደ ወንዙ እንዲወርዱባቸው ታስበው የነበሩት ሁለት ድልድዮች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል።

«ድልድዮቹ ቀርተዋል» አሉ። «ጥጡ በዚህ ክረምት ካልተዘራ ገዢዎቹ ወደ ሌላ አገር እንዞራለን ብለዋል። ከላይም አስፈርማችሁ ጨርሱ ተብለናል።»

«ለሽማግሌዎቹስ ምን ይባላል፣ ጋሼ?»

«ይሠራል ይባላል። የምለው እኔ ነኝ፤ አንተ መተርጎም ነው።»

«ግመል ቦይ አይዘልም እኮ።»

«ዘላን መንገድ አያጣም፤ ይዞራል። አንተን ደግሞ ምን አገባህ? ወደ ጭፍራ ከተማ ሰው ብልክ ነገውኑ አሥር አስተርጓሚ ይመጣልኛል።»

ናስር ከድንኳኑ ወጣ። ተርጓሚ የቃሉ ባለቤት አይደለም ሲል ራሱን አጽናና።

አሥራ አንዱ ሽማግሌዎች ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በፊታቸው ቆሞ፣ በራሳቸው ላይ አሻግሮ ሜዳውን እያየ፣ «ይህን ባዶ መሬት መቼ ነው የምንረከበው?» ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀ፤ ናስር ይህን እንዲተረጉም ማንም አልጠየቀውም። ጥቂት ቆይቶ አቶ ቻላቸው ወደ ጥላው በርሜል ጠጋ አሉ፤ ዘበኛው እጅ ነሥቶ ወደ ፀሐዩ በርሜል አመለከታቸው፤ እሳቸውም ውሃ እንዳልጠማው ሰው ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያም ስለ ልማት ተናገሩ፤ ድልድዮቹም እንደሚሠሩ ተናገሩ፤ ናስርም ተረጎመ።

በአፋር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ይህን ዳጉ ይሉታል። ወሬ ነጋሪው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ለይቶ መናገር አለበት፤ ሰዉ መንጋውን የሚነዳው፣ ወንዝ የሚሻገረው በዚያ ቃል ነውና። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አባ ያዮ ተጠሪውን ትተው ወደ ናስር ዞሩ።

«የይማም ልጅ፣ የሰውዬውን ሰማን። አሁን የምጠይቀው አንተን ነው። ድልድዩ እንደሚሠራ በወረቀቱ ላይ በዓይንህ አየህ ወይስ ከሰው ሰማህ?»

«የጥላውን ውሃ የሚጠጣ ሰው ዓይኑ ይጠራል» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሁሉም ሳቁ።

ናስር «ሰማሁ» ቢል ሽማግሌዎቹ የሚያይ ሰው ልከው እስኪያረጋግጡ ድረስ አይፈርሙም ነበር። አቶ ቻላቸው ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም።

«አይቻለሁ» አለ።

አሥራ አንድ አውራ ጣት ወረቀቱ ላይ አረፈ።

በተከታዩ በጋ የአባ ያዮ ሰባት ግመሎች ውሃ ሸትቷቸው ወደ ቦዩ ወረዱ፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ሲሚንቶ ነበርና መውጣት አቅቷቸው እዚያው አለቁ። ናስርን ሊጣላ የመጣ ሰው አልነበረም። ድሮ አብረውት ያደጉት አፋሮች መንገድ ላይ ሲያገኙት እጁን እየጨበጡ፣ ሳይቆሙ አለፉ።

«ሰላም ካሉህ ምን ጎደለህ?» አለችው ዘይቱና።

«ሰላም ይሉኛል። ወሬ ግን አይነግሩኝም፤ አይጠይቁኝምም።»

እሷም አዋሽ ያደገች ነበረችና ዳጉ መነፈግ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ አዳይቱን አይተው በማያውቁ ሰዎች ገበያ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፤ ኩባንያው ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ ቦዩም ደረቀ። ናስርና ዘይቱና ማንም ወደማያውቃቸው፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ ወዳለችው ዲቾቶ ሄደው የሾፌሮች ምግብ ቤት ከፈቱ።

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ አንድ ጎልማሳ የአፋር ሾፌር ጎማው እስኪጠገንለት ገብቶ ተቀመጠ፤ ናስር በአፋርኛ ሲያናግረው ደስ ብሎት ዳጉ ጀመረ። የገበያውን፣ የዝናቡን ነገረው፤ ከዚያም ስለ አዳይቱ ደረቅ ቦይና ስለ ሰባቱ ግመሎች ነገረው።

«ናስር የሚባል የይማም ልጅ ‹አይቻለሁ› አላቸው። እኔ አልነበርኩም፤ ከአባቴ ነው የሰማሁት፤ አባቴ ከፈረሙት አንዱ ነው። አንተስ የምታውቀው አለ?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀው አልነበረም። ናስር የያዘውን ሰሃን አስቀመጠ።

«አባትህ በትክክል ነው የነገረህ። አንድ ነገር ጨምርበት፤ ናስር ድልድዩ ተሰርዞ ነው ያየው። እያወቀ ነው የዋሸው።»

«ይህን አየህ ወይስ ሰማህ?»

«አየሁ። ናስር እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ አልሰደበውም፤ ከወንበሩም አልተነሣም።

«ሌላስ?» አለ፤ ወሬው እስኪያልቅ መስማት ደንብ ነውና።

ሰመራ በአንድ መዝገብ ቤት ያለው ፋይል ሽማግሌዎቹ ተስማምተው እንደ ፈረሙ ይናገራል፤ አሥራ አንዱም የጣት አሻራ በሥርዓት ተያይዟል፤ የግመሎቹ ነገርም ሆነ የናስር ስም ግን በውስጡ የለም። ሾፌሩ በዚያው ቀን ወደ ሰመራ ሲወርድ ሁለት ግመል ነጂዎች መንገድ ዳር አቆሙት፤ እሱም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና የአዳይቱን ነገር ከነጭማሪው ነገራቸው፤ «ይህን ከራሱ ሰማሁ» ብሎ።