አሮጌ የሚባል ፋይል የለም

ኮምፒውተሩ የመለሰላት አንድ መስመር ብቻ ነበር። «አሮጌ የሚባል ፋይል የለም» ይላል። ልጅቷ መስመሩን ያስተዋለችው ማዘዣውን ጽፋ፣ ቁልፉን ተጭና፣ እጇን ካነሳች በኋላ ነው።

እንዴት የለም? እሷ ያጠፋችው እኮ «ድራማ አሮጌ» የሚባለውን ፎልደር ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የተቀዳውን፣ ሳቅ የበዛበትን የመጀመሪያ ሙከራ። ፎልደሮቹን ዘርዝራ አየች። «ድራማ አሮጌ» እንዳለ ተቀምጧል። የሌለው «ድራማ» ነው፤ ለውድድር የሚገባው የመጨረሻው ቅጂ።



ክፍል ውስጥ «ፈጣኗ» ነው የሚሏት፤ ኪቦርድ ላይ የሚደርስባት የለም። የጓደኛዋን የድምፅ ድራማ «ሚስማር» የሚሉት የክፍላቸው ልጅ ፍላሽ አልቀበልም ሲል የተጠራችውም ለዚህ ነው። ምክንያቱን ወዲያው አገኘችው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ሲስተም ከዊንዶውስ ሌላ ነው፤ ፋይሉን «ማን ነው?» ብለው ቢሰይሙትም ግድ የለውም። ፍላሹና የውድድሩ ዳኞች ዊንዶውስ ግን የጥያቄ ምልክት ያለበትን ስም አይቀበሉም። የሰባቱንም ፋይሎች ስም ቀየረች።

እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? ቦታ ላስለቅቅ ብላ አሮጌውን በማዘዣ ልትሰርዝ ገባች። በስሙ መሃል ክፍት ቦታ አለ፤ ስሙን በጥቅስ ምልክት ማቀፍ ነበረባት፤ አላቀፈችውም። ማሽኑ ሁለት ስም መሰለው። «ድራማ»ን ሰረዘ፣ «አሮጌ»ን ፈልጎ አጣ። ቤት ባለው ላፕቶፕ ፎልደር የምታጠፋው በማውስ ነው፤ እዚያ ክፍት ቦታ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

«አለቀ?» አለች ጓደኛዋ ከኋላ መጥታ። «ስልኬ ላይ ያለውን አጥፍቼዋለሁ፣ ሞልቶብኝ። ማስረከቢያው ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።» ከዚያ ስክሪኑን አየች። «ድራማውስ?»

ፈጣኗ የፎልደሮቹን ዝርዝር እንደገና አስወጣች።

ጓደኛዋ ወደ ሚስማር ዞረች። «አንተ፣ ያንን የቫይረስ መጋዘንህን ሰክተህ አስበላኸኝ አይደል?»

ሚስማር ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ አገላብጦ አየው። ባለፈው ወር የአንዱን አስተማሪ የፈተና ወረቀት ያበላሸው ይኸው ፍላሽ ነው። «ሰካሁት እንጂ ምንም አልነካሁም» አለ። ራሱም ያመነ አይመስልም።

ለፈጣኗ ዝም ማለት ቀላል ነበር። አፏን ብትይዝ ነገሩ በሚስማር ላይ ያልቃል።

«በቃ፣ ጥፋቴን ልካስ» አለ ሚስማር ወንበር ስቦ። «አሁኑኑ ደግመን እንቅዳው።» ማይክሮፎኑን እዚያው ማሽን ላይ ሊሰካ እጁን ዘረጋ።

ያኔ የኮምፒውተር ክፍሉ ቴክኒሻን፣ ተማሪው ሁሉ «ቲቸር» የሚላት፣ አንድ ቀን ያለችው ትዝ አላት፤ የተሰረዘ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። እናቷ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ስትላት፣ ማፍሰሱን እንጂ መልቀሙን ሰምታው አታውቅም።

«አትንካው» አለች። «እጅህን አንሳ፣ ሚስማር። ፍላሹ አይደለም። እኔ ነኝ የሰረዝኩት።»

«ምን አልሽ?» አለች ጓደኛዋ።

«በስህተት ነው። ግን እኔ ነኝ። ቲቸርን ጥሩልኝ፣ ቶሎ።»

ቴክኒሻኗ ልትዘጋ ቁልፎቿን ይዛ መጣች። ነግረዋት እስኪጨርሱ ሰማች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።

«ከዚያ ወዲህ ምን ጻፋችሁበት?»

«ምንም።»

«ጥሩ። ነገ በአንድ ሰዓት ዲስኩን አውጥቼ እሞክራለሁ። ግማሹም ሊመለስ ይችላል፣ ምንም ላይመለስም ይችላል። ቃል አልገባም።»

ጓደኛዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

«ፍላሼ ካሳ ይፈልጋል» አለ ሚስማር ተከትሏት ሲወጣ።

«አንቺስ አትሄጂም?» አለች ቴክኒሻኗ መብራቱን እያጠፋች።

«ነገ ከአንድ ሰዓት በፊት እዚህ በር ላይ ነኝ፣ ቲቸር። ካልተመለሰ ለዳኞቹ የምነግራቸው እኔ ነኝ።»

ጓደኛዋ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። አልጠራቻትም፤ አልሄደችምም። ፈጣኗ፣ ለአንዴ እንኳ ሳትቸኩል፣ ወደ እሷ መራመድ ጀመረች። ከኋላዋ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ዞረ።