ውዶቹ ቀርተው ርካሿ የተሰረቀች ዕለት

የብረት ሣጥኑ ውስጥ ስድስት ጠመንጃ መኖር ነበረበት። ያለው አምስት ነው። የጠፋችው ደግሞ ከሁሉም ርካሿ ናት።

ኢንስፔክተር ድራሆሚራ ቁልፉን ደጋግማ አየችው። አልተሰበረም። እንግዲህ ሌባው በቁልፍ ከፍቶ፣ ውድ ውዱን ትቶ፣ ሰደፏ በሽቦ የታሰረችውን አሮጊት አንስቶ ሄዷል።

"ምን ዓይነት ሌባ ነው በእግዜር!" አለች።

የሞራቪያ ገጠር ተኳሾች ክበብ ጠመንጃ ጠባቂ፣ ሽማግሌው ኦታካር፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። መሣሪያ ከእጁ የጠፋ ሰው ፈቃዱን ይነጠቃል። ጠመንጃዋ እስከ ማታ ካልተገኘች ኦታካር ዳግመኛ ምላጭ አይስቡም።

"ቁልፍ ያለው ማን ማን ነው?"

"እኔና ሊቀ መንበሩ ሉድቪክ። የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው።"

"ማንን ይጠረጥራሉ?"

"ልጄ፣ ለኢላማ ልምምድ ከሆነ ውድ አትግዢ። ያገለገለች ትንሽ ጠመንጃ..."

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ልግዛ አልኩ?"

ገንዘብ ያዥዋ ብላዠናም ያው ናት። ክበቡ ለሴቶች ቡድን ጠመንጃ ሊገዛ ነው። እሷ ርካሹ ይበቃል ትላለች፤ ሉድቪክ ደግሞ ወይ ውዱ ወይ ሞት ብሏል። ቅዳሜ ሉድቪክ ራሱ አሮጊቷንና የራሱን አዲስ ጠመንጃ ጎን ለጎን ተኩሶ የትኛዋ እንደምትሻል ሊለይ ነበር።

"ጠመንጃዋ ትናንት ከሰዓት ስትጠፋ የት ነበርሽ?" አለቻት ድራሆሚራ።

"ጀማሪ በርካሹ ቢጀምር ለጥይት ይተርፈዋል..."

"የት ነበርሽ ነው ያልኩሽ!"

"ክበቡን ሳጸዳ።"

የብላዠና መኪና ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተገኘ። ድራሆሚራ "እሰይ!" ብላ ፈታችው። የመጋረጃ ዘንግ ነበር።

ሉድቪክ ቢራውን ይዞ፣ ቦርጩን አስቀድሞ መጣ።

"በርካሽ እንዳትታለዪ፣ ኢንስፔክተር! ግድግዳው ላይ ያለችውን የኢላማ ወረቀቴን እያት። ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ፣ በአዲሷ ጠመንጃዬ!"

በክበቡ ልማድ ክብረ ወሰን የሰበረ የኢላማ ወረቀት በመስታወት ይሰቀላል፤ የተተኮሱት አሥር ቀለሆችም ከሥሩ ይደረደራሉ።

"ቁልፍዎስ?"

"ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ኦታካር አርጅቷል፤ ሳይቆልፍ መሄድ ጀምሯል። ያሳዝናል።"

ድራሆሚራ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች።

"ጋሼ፣ ስለ ግዢ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ። ጠመንጃዋ ብትገኝ በምን አውቃታለሁ?"

"በንክሻዋ።" ኦታካር ከኪሳቸው ባዶ ቀለህ አወጡ። "ጥይቱን የሚመታው መርፌዋ ጫፉ ተሸርፏል። ቀለሁ ጠርዝ ላይ ግማሽ ጨረቃ ትተዋለች። እዚህ ቤት እንደሷ የምትነክስ ሌላ የለችም።"

ድራሆሚራ ቀለሁን ተቀብላ ወደ መስታወቱ ሄደች። አሥር ቀለህ። አሥር ግማሽ ጨረቃ።

"ሉድቪክ! እስቲ ወዲህ ይምጡ።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የሉድቪክን ግን ያወጣው ቀለህ ነው። መጀመሪያ ካደ፤ ኋላ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

"ለአዲሷ አምስት ወር ቆጠብኩ። ሚስቴ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈች ናት። በአዲሷ ስተኩስ ሰማንያ አልፌ አላውቅም፤ ዘጠና ዘጠኙን የመታሁት በአሮጊቷ ነው! ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሊያይብኝ ነው። አሮጊቷን ድንች ማስቀመጫዬ ውስጥ ደበቅኳት።"

"ወይ አበሳዬ! ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ያዞራችሁኝ? እኚህ ሰውዬ ፈቃዳቸውን ሲነጠቁ ዝም ብለው ሊያዩ ነበር?"

ድራሆሚራ ወደ ኦታካር ዞረች።

"እርስዎስ፣ ጋሼ? ሁልጊዜ በዚህ መስታወት ሥር ያልፋሉ። እንዴት አላዩትም?"

"የጓደኛውን ቀለህ ማን ይመረምራል?" አሉ ኦታካር።

ጠመንጃዋ አፈር ለብሳ መጣች። ሽማግሌው በመሀረባቸው ጠረጓት።

"አንተ ደደብ!" አሉት። "በዚች በተሸረፈች አሮጊት ዘጠና ዘጠኝ የመታ ማን አለ? ብትናገር ኖሮ ሀገር ያጨበጭብልህ ነበር። ጀብዱህን ነው እኮ የደበቅከው!"

ሉድቪክ ተነስቶ ሊያቅፋቸው እጁን ዘረጋ። ኦታካር መዳፋቸውን ከፍተው ጠበቁት።

"ቁልፉን" አሉ።

ሉድቪክ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አስረከበ።