መሐላ የማይይዘው እጅ

የመዳብ አካልን ሁሉ የሚያሞቀው የሌማር መንግሥት የእሳት ዘር በተሰረቀ ማግስት፣ በከተማይቱ ያሉ የመዳብ እግሮች፣ የመዳብ እጆችና የመዳብ ልቦች ሁሉ መቀዝቀዝ ጀመሩ። ከሰባት ቀን በላይ ሙቀት አይኖራቸውም። ሌላው ሰው አካሉ ቢደነዝዝበት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል፤ የአንጥረኛዋ የናሩት እናት ግን በሕይወት ያለችው ልጇ ቀጥቅጣ በሠራችላት የመዳብ ልብ ነው።

ሌባው የኤልሞ ተራራ ጠባቂ፣ ባለ ድንጋይ ክንፉ ጋሩም ነበር። ሰው ከተፈጠረበት ጭቃ ላይ አንዲት ሚስማር እንኳ እንዳይጨምር ከጥንት ጀምሮ ይከለክላል። እሱ ራሱ ሺህ ዓመት ሲኖር አስነጥሶት እንኳ አያውቅም። የማይሞት ፍጡር ሞትን ሲያወድስ መስማት እንዴት ያናድዳል!

ናሩት እሳቱን ልታስመልስ ተነሣች። የተከተላት ሽማግሌው ጦረኛ ቢሶር ብቻ ነው፤ እሱም እሷ የሠራችለትን የመዳብ እግር እየጎተተ። ስድስት ቀን ሙሉ ሽቅብ ወጡ።

ጋሩም አልተዋጋቸውም።

«እሳቱን ውሰጂ፤» አላት። «በምላሹ ግን ቀኝ እጅሽን አንሥተሽ ትምያለሽ፤ ዳግመኛ የሰው አካል በመዳብ ላትሠሪ። እናትሽ ትኑር። ከእሷ በኋላ ሁሉም እንደተፈጠረ ይሙት።»

ጋሩም ራሱ ለሌማር በሰጠው ሕግ፣ መሐላ የሚያድረው በተነሣው እጅ ውስጥ ነው፤ መዳብ መሐላ አይይዝምና ባለ መዳብ እጅ ሸንጎ ፊት የማይምለውም ለዚህ ነው። መሐላ የተቀበለም የማለውን ሰው መንካት አይችልም። ናሩት መዳፏን አየች። የብረትን ግለት የምትለየው፣ የእናቷን ጉንጭ የምትዳስሰው በዚህች መዳፍ ነው። ከዚያ እጇን አንሥታ ማለች።

እሳቱን ተቀብላ ማሰሮ ውስጥ ከተተችና ቀኝ እጇን ድንጋይ ላይ ዘረጋች።

«ጋሼ ቢሶር፣ ጎራዴዎን ይምዘዙ።»

«ምን ልትሆኚ ነው፣ ልጄ?»

«ይቁረጡልኝ። መሐላው ከእጁ ጋር እዚሁ ይቅር።»

ሽማግሌው እያለቀሰ ጎራዴውን አሳረፈ፤ እጇ ድንጋዩ ላይ ቀረ።

ጋሩም ተራራው እስኪናወጥ ጮኸ። «አታለልሽኝ!»

«ሕጉ የራስህ ነው!» አለች ናሩት ጥርሷን ነክሳ። «መሐላ ጠየቅከኝ፤ ማልኩ። የማለችው እጅ ይቻት፣ ጠብቃት! እኔ በግራዬ ሌላ እሠራለሁ። ከተፈጠርኩበትም የተሻለ እሠራለሁ!»

ጠባቂው ክንፉን ቢዘረጋም ሊነካት አልቻለም። ቢሶር ቁስሏን በእሳቱ ተኮሰላት። የመዳብ እግሩም ከእሳቱ ሲጠጋ ሙቀቱ ተመልሶለት ስለነበር፣ ናሩትን አዝሎ ቁልቁለቱን በአንድ ቀን ወረደው። በሰባተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እሳቱ ቤት ሲደርስ፣ ሊቆም የተቃረበው የእናቷ ልብ እንደገና በኃይል መታ።

ከሁለት ወር በኋላ ናሩት በግራ እጇ የቀጠቀጠችውን አዲስ መዳፍ አጥልቃ እናቷ ፊት ተንበረከከች። ጉንጯን ዳሰሰች። ምንም አልተሰማትም፤ እንባዋ መጣ።

«ይሻክራል አይደል፣ እማዬ?»

«ይሻክራል፤» አለች እናቷ። «አታንሺው።»