ሽቦና መቀነት

«ዝም በሉልኝ! ድምፁን ልስማው!»

የወለላን ልመና የሰማ የለም። የስድስት ዓመት ወንድሟ አለሜ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል። ዝናብ ከቀረ ወዲህ የገበሬ ማኅበሩ ውኃ ፍለጋ በመንደራቸው በሙጃ ዙሪያ ያልቆፈረው ቦታ አልነበረም፤ ውኃ ያጣበትን መልሶ ለመድፈን ግን ጉልበት ከየት ይምጣ? በረሃብ የከሳ ልጅ ደግሞ የትም ይገባል።

ወንዶቹ መጀመሪያ ገመድ ጣሉለት። በአንድ እጁ አንጠልጥለው ሲስቡት ሾልኮ ይብስ ሰመጠ። ከዚያ ሲጠሩት አልመለሰም። እናቱ የሺሃረግ ደረቷን መታች፤ የመንደሩ ሴቶችም ተቀበሏት። ልጁ ሳይሞት ለቅሶው ተጀመረ።

ወለላ ግን እንቢ አለች። ሽቦ አጥፋ ቀለበት ሠራች፤ እንዳይቆርጠው የእናቷን መቀነት ጠመጠመችበት፤ ገመድ ቋጥራበት በረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ አወረደችው። አለሜ ሁለት እጁን ካሾለከበት ብብቱ ሥር ይይዘዋል።

«እጅህን አንሣ!» እያለች አንገቷን ጉድጓዱ ውስጥ ቀብራ ጮኸች። ለቅሶው ጆሮ ያደነቁራል።

«አያ ደርበው፣ እባክዎ ዝም ያሰኙልኝ!»

«እናትን አታልቅሽ ይባላል እንዴ፣ ልጄ? ነውር ነው» አሉ ሽማግሌው፣ የራሳቸውን እንባ እየጠረጉ።

በመጨረሻ የሺሃረግ ራሷን ስታ ወደቀች። ሴቶቹ ደንግጠው ጸጥ አሉ። ያኔ ከታች አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ከወለላ በቀር የሰማው አልነበረም።

«ወለላ... የቱን እጄን?»

ለካ ሲመልስላት ነው የቆየው።

«ሁለቱንም! ሁለቱንም አንሣ፣ የኔ ጌታ!»

ቀለበቱ አንዴ ሲነካ በአጣናው ተሰማት። ጠበቀች። ጠራችው። ሁለተኛው እጅ አልመጣም።

ወንዶቹ በጎን ቆፍረው ሲያወጡት ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አንድ እጁ መቀነቱን ጨብጦ ቀርቷል።

ከቀብር መልስ የሺሃረግ ልጇን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ወለላዬ፣ እኔ ስጮኽ... ነፍሱ አልወጣችም ነበር እንዴ?»

ያ ቀጭን ድምፅ አሁንም በወለላ ጆሮ ውስጥ አለ።

«የለም፣ እምዬ። ቀድሞ አርፎ ነበር።»

መቀነቱን ከሽቦው ፈታች፤ አፈሩን አራግፋ የእናቷ ወገብ ላይ አሰረችላት። ሽቦውን ግን አልጣለችውም። ያልተደፈነ ጉድጓድ ገና ብዙ ነው፤ ነገ ሌላ ጨርቅ ትጠመጥምበታለች።