ያለ እጅ የቆመችው ሞተር

አቶ ይስማው ሞተው የተገኙት ቁጭ ብለው ነው። ከቤታቸው ጎን ባለችው፣ ንፋስ እንዳይገባባት በጭቃ በተመረገችው የሞተር ማሳደሪያ ክፍል ውስጥ፣ የጤፍ ጆንያ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ካቻቢቴያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ፊታቸውን ወደ አሮጌዋ ቀይ ሞተር አዙረው። ከንፈራቸው ፈገግ ያለ ይመስላል፤ በሕይወት ሳሉ ሰው ሲወድቅ ካላዩ በቀር ፈገግ የማይሉ ሰው ነበሩና ይህ ራሱ የይጁቤን ከተማ ሰው አስደነገጠ። የሞተሯ ቁልፍ እንደተከፈተ ነው፤ ቤንዚኗን ጨርሳ ጠፍታለች። በሩ ተዘግቷል እንጂ አልተቀረቀረም።

ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው ይህች ያልተቀረቀረች በር ናት። ሐኪሙ የገደላቸው የሞተር ጭስ ነው ብሎ ሬሳውን መለሰ። የአጥቢያው ቄስ ገብረ ኪዳን ደግሞ፣ በሩን ገፍቶ መውጣት እየቻለ ጭስ ውስጥ ቁጭ ያለ ሰው ራሱን ገድሏል፣ ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም፣ መቃብሩም ከቅጥሩ ውጭ ነው አሉ። የሟች ብቸኛ ልጅ ማርያማዊት የቄሱ እግር ላይ ወድቃ ያገኘችው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ የፖሊስ ቃል እስኪመጣ ይጠበቃል።

የፖሊስ ቃል ሆና ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ኢንስፔክተር ታየች ናት። ማርያማዊት ደጅ ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«አባቴ ክፉ ሰው ነበር» አለቻት፣ ሳታለቅስ። «ክፉ ሰው ራሱን አይገድልም፤ ለራሱ ይሳሳል። ማን እንደገደለው ይፈልጉልኝ። ማንም ይሁን።»

«ማንም?»

«ማንም። አባቴን እንደ ውሻ ከቅጥር ውጭ አላስጥለውም።»

ታየች አጭር፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መሥሪያ ቤቷ «መኪና እስኪመጣ» ብሎ በሰጣት አሮጌ ሞተር ላይ ጸጉሯ ሸብቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የመረመረችው ሞተሯን ነው። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከሥሩ ያለችው ቪቴ፣ ማለት ብሎኗ፣ ጭንቅላቷ በካቻቢቴ ተፈቅፍቆ የተበላ ዳቦ መስሏል። ሌላዋ፣ በጎኑ በኩል ጠልቃ የገባችው፣ ዙሪያዋ ዝጎ የካቻቢቴ መግቢያ ስንጥቋ ብቻ እንደ አዲስ ብር ያበራል። ታየች የሟቹን ካቻቢቴ ሞከረች። አፉ ሰፊ ነው፤ አይገባም። ሞተሯን እየገፋች ወደ ፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ወሰደቻት፣ ጥቂት ቤንዚን ጨመረችባት፣ ረግጣ አስነሣቻት፣ ትንሽ አዳመጠችና አጠፋቻት። ለተከተላት ፖሊስ የሰማውን ለሚስቱም እንዳይነግር ነገረችው።

ከዚያ ሰዎቹን ጠየቀች። የሟች ሚስት ወይዘሮ ሥራነሽ እንደሚሉት ሞተሯ እጅ ሲለቋት ትሞታለች። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበረች። አቶ ይስማው ገበያ መሐል ቆመው ሰው ሲሰድቡ እንኳ አንድ እጃቸው እጀታዋን እየጠመዘዘ ነው፤ ስድቡን እርሳቸው ይጀምራሉ፣ እርሷ እየጮኸች ትጨርስላቸዋለች። ቅዳሜ ዕለት ቤታቸው ማኅበር ነበር። ጠጥተው ሲሰክሩ እንደ ልማዳቸው ሞተራቸው አጠገብ ሊተኙ ሄዱ፤ ሥራነሽ ሰካራም አልጋ ላይ አያስወጡም።

«ድምፅ አልሰሙም?» አለች ታየች።

«ዝናብ ነበር። የእንግዳ ሞተር ግን ሰምቻለሁ፤ እንደ ወፍጮ አንድ ዓይነት የምትል።»

«የእንግዳ መሆኗን በምን አወቁ?»

«አላሳላትማ። የኛዋ ሳታስል አትሠራም።»

ጋራዥ ያለው እንዳላማው ለቅሶ ቤት ቢመጣም ሐዘን አላስመሰለም። አቶ ይስማው አስተካክላታለሁ ብለው አሥር ዓመት የሚያዞሯት የታችኛዋ ቪቴ የካርቡራተሩን ቆሻሻ ማፍሰሻ ናት፤ ተሳስተዋል ብሎ አንዴ ቢነግራቸው ገበያ መሐል ሌባ ብለው ጮኹበት፣ ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ራቀው።

«ቢያስነካኝ ኖሮ» አለ «ጠላዬን ሳልጨርስ በጎን ባለችው ቪቴ ሚኒሞዋን፣ እጅ ሲለቋት የምትሠራበትን ልክ፣ አስተካክልለት ነበር። ያለ እጅ ትቆም ነበር። ግን እርሱ ከመዳን መሳደብ ይመርጣል።»

አማቹ ጌቱ፣ የማርያማዊት ባል፣ ደብረ ማርቆስ በአንድ ማሠልጠኛ የመኪና ጥገና የሚያስተምር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ላስተካክልልዎት ብሎ ብዙ ጊዜ ለምኗቸው እምቢ እንዳሉት፣ ቅዳሜም ወደዚያች ክፍል ድርሽ እንዳላለ፣ ዝናቡን ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ተጠልሎ እንዳሳለፈ በትሕትና አስረዳ።

ታየች በማኅበሩ ላይ ምን እንደተባለ ሦስቱንም ጠይቃ ነበር። ሦስቱም «ምንም፣ ጨዋታ ነው» አሉ። ሦስት ሰው አንድ ቃል ሲናገር ታየች አትወድም። ወደ ሥራነሽ ተመለሰች። ባልቴቷ የነጠላቸውን ጫፍ ሲጠመዝዙ ቆዩና አወጡት። ጌቱና ማርያማዊት ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ልጅ የለም። ይስማው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋንጫቸውን ወደ አማቻቸው አነሡ።

«‹አንተ እንደ ሞተሬ ነህ፤ በእጅ ካልደገፉህ አትቆምም› አለው። ነገ ሽማግሌ ልኬ ልጄን እወስዳለሁም አለ።»

«ሰዉስ?»

«ሣቀ።»

«ቄሱስ?»

«በጭራቸው አፋቸውን ሸፍነው።»

«እርስዎስ?»

ሥራነሽ መሬት መሬት አዩ። «እኔም ስቄያለሁ። ደህና ተናግሯታል።»

ከሰዓት በኋላ ታየች ሁሉንም ግቢው ውስጥ፣ ድንኳኑ ሥር ሰበሰበች። ሬሳው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ማርያማዊት ራስጌው ተቀምጣለች፤ ቄስ ገብረ ኪዳን ጭራቸውን ይዘው ቆመዋል። ፖሊሱ ሞተሯን ገፍቶ አመጣና መሐል አቆማት። ለቀስተኛው አጉረመረመ። ታየች ይቅርታ ጠይቃ፣ ሟቹ የተለዩበትን ድምፅ ሞተሯን በሚያውቁ ሰዎች እጅ መስማት እንደምትፈልግ ተናገረች።

መጀመሪያ ሥራነሽ። ባላቸውን ከጠላ ቤት ለመልቀም ስንት ጊዜ ነድተዋታል፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ረገጡ፣ ተነሣች፣ እጀታውን ጠመዘዙ፣ አልለቀቁም። ታየች እጃቸው እዚያው እንዳለ ቁልፉን ዘጋችው። ቀጥሎ እንዳላማው፤ እርሱም ረገጠ፣ ጠመዘዘ፣ አልለቀቀም። ቁልፉ ተዘጋ።

«መምህር ጌቱ።»

ጌቱ መጣ። አንዴ ረገጠ። ሞተሯ ተነሣች። እጁን ከእጀታው አነሣና፣ የነካውን ቅባት በመሐረብ እየጠረገ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተመለሰ።

ሞተሯ አልሞተችም። እንደ ወፍጮ አንድ ዓይነት ትላለች። ድንኳኑ ሥር ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሞተሯን አየ፣ ቀጥሎ ጌቱን። ጌቱ ራሱ የገባው ቆይቶ ነው፤ መሐረቡን የያዘ እጁ መሐል ላይ ቀረ።

«ይህች ሞተር አሥር ዓመት እጅ ሲለቋት ትሞት ነበር» አለች ታየች፣ ቀስ ብላ። «ይጁቤ በሙሉ ያውቃል። እነርሱ ያልለቀቋት እንዳትሞት ነው። አንተ የለቀቅሃት እንደማትሞት ስለምታውቅ ነው። በምን አወቅህ?»

«አባባ... ራሳቸው አስተካክለዋት ይሆናላ።»

«ካቻቢቴያቸው የሚኒሞዋ ቪቴ ውስጥ አይገባም። ለክቼዋለሁ። ደግሞ ቢያስተካክሏት ኖሮ ያን ቀን በዝናብ ይጁቤን ጠርተው አያሳዩም ነበር?»

«ያሳይ ነበር» አሉ ሥራነሽ፣ ሳይጠየቁ።

«ሟች ከተቀመጡበት ጆንያ ሞተሯ ላይ በእጅ አይደረስም» ቀጠለች ታየች። «ስለዚህ ቅዳሜ ማንም ሳይዛት ቆማ ስትሠራ ነበር። የሚስትህ እናት ሰምተዋት የእንግዳ መስላቸዋለች፤ ስላላሳላት። ቪቴዋን የት እንዳለች የሚያውቁ ሁለት ናችሁ። እንዳላማው አሁን እጁን አልለቀቀም። አንተ አማትህ አቶ ይስማው ሲያንኮራፉ ገባህ፣ አስነሣሃት፣ እየሠራች አስተካከልሃት፣ በሩን ዘግተህ ወጣህ። መቀርቀር አላስፈለገህም።»

ቄስ ገብረ ኪዳን ጭራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታዲያ በሩ ካልተቀረቀረ ለምን አልወጣም?»

«ሰክረው ነበር፣ አባ።»

ቄሱ ከዚያው ጋን ቀምሰው ስለነበር አልተከራከሩም። ጌቱ ወደ ማርያማዊት ዘወር አለ። እርሷ ሳጥኑን ይዛ ታየዋለች፤ ማንም ይሁን ያለችው ማንም እርሱ ነው። ከእርሷ ላይ ዓይኑን አነሣና ቅዳሜ የሣቁትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ በአገጩ ወደ ሞተሯ አመለከተ።

«ቆመች አይደል?» አለ።

በዚህኛው ማንም አልሣቀም።

ፖሊሱ እጁን አስሮ ሲወስደው ማርያማዊት አልተነሣችም። ቄሱ ጠጋ ብለው ፍትሐቱ ሙሉ እንደሚደረግ፣ መቃብሩም ቅጥር ውስጥ እንደሚቆፈር ነገሯት። አባቷን አገኘች፤ ባሏ በር ላይ እየወጣ ነው። እንዳላማው ሞተሯን ሊያጠፋ እጁን ወደ ቁልፉ ዘረጋ።

«ተዋት» አለች። «አባቴ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ስትሠራ ሳይሰማት ሞተ።»

ታየች አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ተኝቶ የሞተ ሰው ተኝቶ ይገኛል። እኒህ ሰው ግን ነቅተዋል፤ ሞተራቸው በገዛ እግሯ ቆማ ስትሠራ ሰምተዋል፤ የአሥር ዓመት ልፋቴ ያዘ ብለው ካቻቢቴያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው እያዳመጧት ፈገግ ብለዋል። ያልወጡትም ለዚህ ነው። ይህን ለልጅ አይነግሩም።

ፍትሐቱ ተጀመረ። ሞተሯ ቤንዚኗ እስኪያልቅ ድረስ፣ አንዴም ሳታስል፣ አብራ ሠራች።