ሠላሳ ሺህ ሦስት መቶ አንድ

ዋሲላ ለሦስተኛ ጊዜ አባዛች፤ ያው ወጣ። 59 በ509 ሲባዛ 30031 ነው እንጂ 30301 አይደለም።

ባለፈው እሑድ፣ የሳምንቱ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን፣ የሒሳብ መምህራቸው፣ ተማሪው ሁሉ «ሼኽ» የሚላቸው ላኽዳር፣ 30301ን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ነበር። ቁጥሩ የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደሆነ ቀድመው ያገኙ ሁለት ተማሪዎች ከከተማቸው ከቆንስጣንጢና አልጀርስ ድረስ ለውድድር ይሄዳሉ። ዋሲላና ጓደኛዋ ሪም ትናንት 59 እና 509 ብለው መልስ ሰጡ። ሼኹም እንደለመዱት ብዜት የሚፈትሹበትን ትልቅ ኤክስ አሰመሩ። የ59ን አሃዞች ደምረው ዘጠኝ ሲጥሉ አምስት፣ ከ509ም አምስት ቀራቸው። አምስት በአምስት ሃያ አምስት፤ ሁለትና አምስት ሰባት። የ30301 አሃዞችም ሲደመሩ ሰባት ሆኑ። ክፍሉ አጨበጨበ። የአሃዞች ቦታ ቢዛባ ግን ድምራቸው ያው ስለሆነ ኤክሱ አይነቃም።

በእረፍት ሰዓት ሪም የክፍሉ በር ላይ ቆማ በርበሬ የበዛበት መሐጀባ፣ በውስጡ ማባያ ያለው የታጠፈ ቂጣ፣ ትበላለች።

«ቁጥሩን ከሰሌዳው ስትገለብጪ አዛብተሽዋል» አለቻት ዋሲላ። «የፈታነው ሌላ ቁጥር ነው።»

ሪም ማኘኳን አቆመች። «አውቃለሁ።»

«ምን ማለት ነው አውቃለሁ?»

«መልሱን በንጹህ ወረቀት ስጽፈው ማዛባቴን አየሁ። ኤክሱን ስሠራ ግን ሰባትና ሰባት መጣ። የሰሌዳውን ቁጥር ጽፌ ዝም አልኩ። አታካብጂ በናትሽ፣ ሼኹም አልነቁ። ዝርዝሩ ዛሬ ይላካል።»

ዋሲላ ተናደደች። አልጀርስ ያለችው አክስቷ እንኳ መኝታ አዘጋጅታላታለች። ብትናገር ጉዞው ይቀራል፣ ሪምም ትዋረዳለች። ዝም ብትል ደግሞ ያንን ጭብጨባ ምን ታደርገዋለች? ሼኹ ወደነበሩበት ክፍል ተመለሰች።

«ሼኽ፣ መልሳችን ስህተት ነው።»

ሼኹ ሰሌዳው ላይ ብዜቱን በረዥሙ ሠሩ። ከዚያ ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ኤክስ አሰምሬ ዛሬ ሸወደኝ! ማነው ቁጥሩን የገለበጠው?»

«አብረን ነው የሠራነው» አለች ዋሲላ።

«እኔ ነኝ» አለች ሪም ከበሩ። «አይቼም ዝም አልኩ።»

ሼኹ ስማቸውን ከዝርዝሩ ሰርዘው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። «ዝርዝሩ ዛሬ አይላክም፤ ቁጥሩ እስከ ሐሙስ ለሁሉም ክፍት ነው» ብለው ወጡ።

ዋሲላ እፎይ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷን የተጫናት ነገር ለቀቃት፤ እንዲያውም ራባት። ሪም የተረፈውን መሐጀባ ቆርሳ ሰጠቻት።

«ተቀይመሽኛል?»

«አዎ» አለች ዋሲላ እየጎረሰች። «ግን ይለቀኛል።»

ደብተሯን አዲስ ገጽ ላይ ከፈተች። እስክሪብቶውን ይዛ ጥቂት አሰበችና ለሪም ዘረጋችላት።

«ገልብጪው።»

ሪም አንድ አሃዝ በጻፈች ቁጥር ሰሌዳውን ቀና ብላ ታያለች። ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አስተያየችው። ከዚያ ቁጥሩን በሁለት፣ በሦስት እያሉ ማካፈል ያዙ።