ዋጋ ያስቀነሰችው ልጅ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ ከሌላ ቻናልም አልገለበጥኩትም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ ነበረች፤ በረንዳው ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ነበር። ጨለማና ነጎድጓድ የምትጠብቁ ካላችሁ እዚህ የለም።

ስጽፍላችሁም እየፈራሁ አይደለም... እያፈርኩ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ያኔ ባሌ፣ እኔ፣ የስድስት ዓመቷ ልጃችንና የስፌት ማሽኔ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንኖረው። አከራያችን በሁለት ወር ውስጥ ልቀቁ አለን። ለዓመታት ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረችን፤ የባሌ መሥሪያ ቤት ብድር ሲጨመርባት ትንሽ ቤት ትገዛለች ብለን ፍለጋ ወጣን።

ያየነው ሁሉ ወይ ሊፈርስ የደረሰ ነው፣ ወይ ከአቅማችን በላይ ነው። በመጨረሻ ደላላው አንድ ቤት አሳየን። ሦስት ክፍል፣ ጠባብ ግቢ፣ ለማሽኔ የሚሆን ብርሃን የሚያስገባ መስኮት። ገና ቆሜ ሳለሁ መጋረጃውን በልቤ ለክቼ ጨረስኩ።

ባለቤቶቹ ያረጁ ባልና ሚስት ናቸው። የጠሩት ዋጋ ግን በሰፈሩ ካለው እጥፍ ነበር።

"አባባ፣ ትንሽ ዝቅ አያደርጉልንም?" አልኳቸው።

"አናደርግም።"

"አጠገባችሁ ያለው ቤት እኮ በግማሹ ነው የተሸጠው።"

"ታዲያ እሱን መግዛት ነበራ።"

ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሳንቲም አልቀነሱም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በሆዴ ሰደብኳቸው።

ከግቢው ስንወጣ ደላላው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እህቴ፣ የጋለን ሻጭ መለመን አይሆንም... ማቀዝቀዝ ነው።"

ማቀዝቀዝ የሚሉት ዘዴ እንዲህ ነው። ገዢ የሚመስሉ ሰዎች በየተራ ይላካሉ። ቤቱን ዞረው ያያሉ፣ ስለ ዋጋ ግን ቃል አይተነፍሱም። ሁሉም ያንኑ አንድ እንከን አንስተው ፊታቸውን ቋጥረው ይወጣሉ። የመጀመሪያውን ያላመነ ሻጭ ሦስተኛው ሲደግመው መጠራጠር ይጀምራል።

"ግድግዳው ተሰንጥቋል ይበሉ?" አለኝ።

"ግድግዳው ደህና መሆኑን እነሱም ያዩታል" አልኩት። "የማይታይ ነገር ይሁን።"

አዎ... እኔ ነኝ ያልኩት። ውሸቱን በልካቸው የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የባሌን ወንድም፣ ለባሌ እንዳይነግረው አስምዬ ላክሁት። ቤቱን ዞሮ አየና ሊወጣ ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ።

"ልጅቷ የሞተችው... የትኛው ክፍል ውስጥ ነው?"

አሮጊቷ ሳቁ።

"እኛ ልጅ ወልደን አናውቅም። ቤት ተሳስተህ ነው፣ የኔ ልጅ።"

በሳምንቱ አንዲት ደንበኛዬን ላክሁ። ያንኑ ጠየቀች። አሮጊቷ አልሳቁም። "እናንተ ከየት ሰማችሁ?" አሏት።

ሦስተኛ የደላላው ሚስት ሄደች። ስትመለስ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

"ምን አሉሽ?" አላት ባሏ።

"ኋላ ያለው ክፍል ነው አሉኝ።"

"ሌላስ?"

"ቀስ ብለሽ ተናገሪ... አሉኝ።"

ደላላው ጭኑን መትቶ ሳቀ። በቃ፣ ቀዝቅዘዋል አለ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ከደላላው ጋር ሄድኩ። ባሌ ሥራ ነበር፤ ልጄ ትምህርት ቤት ነበረች።

በሩን የከፈቱልን አባባ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። በካልሲ፣ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ወደ ውስጥ መሩን።

"ምነው አባባ?"

"ቀስ... ቀስ በሉ" አሉ።

ሳሎን ገባን። ጠረጴዛው ዙሪያ የማውቀው ሁለት ወንበር ነው። አሁን ሦስት ሆኗል። ሦስተኛው ላይ ሁለት ትራስ ተደራርቧል... አጭር ሰው ጠረጴዛው ላይ እንዲደርስ።

የኋላው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። መቃኑ ላይ በእርሳስ የተሰመረ መስመር አየሁ። ከበላዩ ሌላ መስመር አለ፣ ያኛው አዲስ ነው። በመካከላቸው የአንድ ጣት ስፋት አለ።

ቁመት በዓይኔ መለካት ሥራዬ ነው፣ አልሳሳትም። የስድስት ዓመት ልጅ ልክ ነበር።

ደላላውን አየሁት። እሱ ወለሉን ያያል።

እማማ መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ። በጣም ከስተዋል። እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ባላችሁት ዋጋ ውሰዱት" አሉ። ቆየት ብለው ከእሱም ቀነሱልኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር...

"እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ መሸጥ አንፈልግም ነበር። ቤቱ ባለቤቴ ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ወንድማቸው ድርሻዬን ካልሰጣችሁኝ ብሎ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣን። እምቢ ማለት አቃተን። ስለዚህ ማንም የማይደፍረው ዋጋ ጠራን። እዚሁ እርጅናችንን እንድንጨርስ ብለን።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ስግብግብነት ነው ብዬ የሰደብኩት ዋጋ መጠጊያቸው ነበር።

"ታዲያ... አሁን ለምን?" አልኩ።

ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"በዚህ ዕድሜያችን ልጅ ማሳደግ አልቻልንም። አንቺ እናት ነሽ፣ ታውቂበታለሽ።"

"እማማ..."

"አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል። ትሮጣለች፣ ትስቃለች... ነይ ስላት ግን አትመጣም። በምን ልጥራት? እናንተ ሁላችሁ ታውቋታላችሁ። የማናውቃት እኛ ብቻ ነን።"

እጄን ጠበቅ አደረጉት።

"ስሟ ማን ነበር?"

እውነቱን መናገር እችል ነበር። እማማ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ነኝ የፈጠርኳት... ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል አይፈልግም። ግን ደላላው አዘጋጅቶ ያመጣው ውል ጠረጴዛው ላይ ነበር። አከራያችን ከሰጠን ጊዜ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው።

ደግሞም አፈርኩ። ክፋቴን ከመናገር ክፉ ሆኖ መቀጠል ቀለለኝ።

ስም ልፈጥር ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ያን ሁሉ ውሸት የሰፋ ጭንቅላት አንድ ስም አጣ። አፌ ላይ ያለው የልጄ ስም ብቻ ነበር...

ተናገርኩት።

የእማማ ፊት በራ። ወደ ኋላው ክፍል ዞሩና ለስለስ አድርገው ስሟን ጠሩ።

ዝም...

ዝም...

"አቤት።"

የልጅ ድምፅ ነው። ቅርብ፣ ከበሩ ጀርባ።

ደላላው ተነሥቶ ወጣ፤ ኮሚሽኑን ሳይቀበል። ደላላ ኮሚሽን ጥሎ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ግን... ፈረምኩ።

ማታ ባሌን ተከራክሬ ነው ያስቀነስኩት አልኩት። አቅፎ ሳመኝ። ጎበዝ አለኝ።

አባባና እማማ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ከገባን ዓመት ሆነን። ማሽኔ መስኮቱ ሥር ነው። ኋላ ባለው ክፍል ጨርቅ አስቀምጣለሁ፤ በሩን እቆልፈዋለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ልጄን ስጠራት ሁለት "አቤት" እሰማ ነበር። አንዱ ከግቢ... አንዱ ከኋላ። ዕቃ ያልሞላው ቤት ያስተጋባል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ከጊዜ በኋላ አንድ ብቻ መስማት ጀመርኩ። ተመስገን አልኩ።

ባለፈው ሳምንት፣ እንደዚያው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ዩኒፎርሟን ልለካላት ጠራኋት።

"አቤት።"

ጠበቅሁ። አልመጣችም።

ደግሜ ጠራኋት።

"አቤት።"

አልመጣችም። ተናድጄ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ወጣሁ። ልጄ ግቢው ውስጥ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች።

"አቤት ካልሽ በኋላ ለምን አትመጪም?" አልኳት።

"እኔ እኮ አቤት ማለት ትቻለሁ፣ እማ" አለችኝ። "ሁልጊዜ ቀድማኝ ትመልስልሻለች።"

ግድግዳውን ያዝኩ።

"ስሜን አንቺ እንደሰጠሻት ነገረችኝ" አለች፣ ቀና ብላ እያየችኝ። "እውነት ነው?"

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ውሸት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ...

ከቤት ውስጥ አንድ ድምፅ "እማ" ብሎ ጠራኝ።

ልጄ ከፊቴ ተቀምጣ እያየችኝ፣ እኔ... "ወዬ" አልኩ።